አስራ ዘጠኝ ጫማ ተኩል

…ጋሽ ተክላይ ሌላ ምንም አልጠየቁም፣ ሰማንያ ገጽ ሪፖርት ፊታቸው ተዘርግቶ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በማኪያቶው ማንኪያ የብርጭቆውን ጠርዝ ቀስ ብለው መታ መታ እያደረጉ፣ አንዱ ቧንቧ ስንት ጫማ ነው ጓለይ፣ በትግርኛቸው ልጄ ማለታቸው ነው፣ ብቻ ነው ያሉት፣ እሷም ሃያ ጋሼ፣ እንደ ድሮው፣ ብላ አፏን ሞልታ መልሳለች፣ እሳቸው እህ ብለው ወደ መስኮቱ ዞረዋል። እህ። ሉዋም ያችን እህ አስራ አንድ ዓመት ታውቃታለች። ሌላ አለቃ ሲከፋው ይጮኻል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ጋሽ ተክላይ ግን እህ ይሉና ዝም ነው፣ የጠፋብሽን ነገር ራስሽ ፈልገሽ እስክታገኚው ድረስ መንገዱን ያያሉ። ምን ጠፋብኝ፣ ቆይ እስቲ፣ ምን ጠፋብኝ፣ ሃያ ጫማ፣ ስድስት ሜትር ከአስር ሳንቲም ገደማ፣ ምን ነካው ሃያ ጫማ፣ ትላለች በሆዷ፣ ማኪያቶዋን ታነሳለች፣ ሳትጠጣው ታስቀምጠዋለች።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። ፒያሳ በግራ በቀኝ ፈርሳ፣ ተሠርታ፣ ሰፍታ፣ ገና ራሷን የለመደች አትመስልም፣ ይቺ ኬክ ቤት ግን ባንኮኒዋም ያው ነው፣ መስታወቷም ያው ነው፣ ጋሽ ተክላይም መስኮቱ ጥግ ያው ናቸው። ውቤ በረሃ የነበረው ቤታቸው ከሰፈሩ ጋር ተነስቶ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው፣ እና ሰውዬው በየማለዳው ሁለት ታክሲ ተሳፍረው ለአንድ ማኪያቶ ፒያሳ ይመጣሉ፣ ጫማቸው ተወልውሎ፣ ቡና ዓይነት ባርኔጣቸው ከቅንድባቸው በላይ በልክ ተቀምጦ። ቴሌቪዥን ጣቢያው ያሉ ልጆች ሼባው ይሏቸዋል፣ በፍቅር ነው፣ በፊታቸው ግን አይሉም። አስተናጋጇ አይናዲስ ባርኔጣውን ለመቀበል ሁሌ እጇን ትዘረጋለች፣ ጋሼ ልስቀልልዎት፣ እሳቸውም ሁሌ ያው መልስ ነው፣ ተይው የኔ ልጅ፣ እዚህ ምን የሚከበር ነገር አለና ነው። ሉዋም ስታውቃቸው ያችን ባርኔጣ የሚያወልቁት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ በጊዮርጊስ ደጅ ሲያልፉና ጋራው ላይ ከማሰራጫው ማማ እግር ሲደርሱ። በሁለቱም ቦታ ቀና ብለው ያያሉ፣ በሁለቱም ቦታ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንደሚሉ የጠየቃቸው የለም።

ሃያ ጫማ፣ እሺ፣ ሪፖርቱን ገና ከገጽ አንድ ጀምራ በልቧ ታነበዋለች፣ ቃል በቃል ታውቀዋለች፣ ሦስት ወር ሙሉ ከሱ ጋር አድራለች። ጋራው ላይ ማሰራጫው ታች ቤት ውስጥ ነው፣ አንቴናው መቶ ሃያ ሜትር ማማ ጫፍ ላይ ነው፣ መሃል ላይ ያ ሁሉ ኃይል የሚወጣበት መስመር አለ፣ የከተማው ሰው ዜና ሲያይ፣ ኳስ ሲያይ፣ ድራማ ሲያይ ስለ አንቴናው እንኳ ካሰበ ደግ ነው፣ ስለ መስመሩ ግን ማንም አስቦ አያውቅም፣ የሚታሰበውም ሲቃጠል ነው። ያረጀው መስመር ይነሳና አዲስ ይተከል ተባለ፣ ምን ይተከል ሲባል ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ፣ ገመድ ነው የሚሻለው ያሉ አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ገመዱ በአንድ ትልቅ ጥቅል ይመጣል፣ መገጣጠሚያ የለው፣ ጣጣ የለው፣ በሦስት ቀን ተጎትቶ ይወጣል። ሉዋም ናት እምቢ ያለችው። ገመዱ በዚህ ሁሉ ኃይል መንገድ ላይ ብዙ ይበላብናል፣ ይግላል፣ አንድ ቦታ ከተጎዳ ደግሞ ሙሉው ነው የሚጣለው፣ ቧንቧ ይሁን፣ ቧንቧ ውስጥ ቧንቧ፣ መዳብ፣ በመሃሉ ደረቅ አየር የተሞላ፣ አንዱ ቢቃጠል አንዱን ፈትተን የምንቀይረው። ካታሎጉን አምጥተው ገመዱም ኃይሉን ይችላል ሲሏት፣ ካታሎጉ የተጻፈው ባሕር ጠረፍ ለሚኖሩ ሰዎች ነው፣ እኛ ከደመናው አጠገብ ነን፣ አየሩ ስስ ነው፣ ብልጭታ ቶሎ ይዘላል፣ ብላ ቁጥሩን በከፍታው ልክ ቀንሳ አሳየቻቸው፣ አጨበጨቡላት። ያቺ የባሕር ጠረፉ ነገር የማን ቃል ናት፣ የጋሽ ተክላይ ናት፣ ቃል በቃል። ሰውዬው ጡረታ ከወጡ አራት ዓመታቸው ነው፣ አሁንም በሷ አፍ ያወራሉ።

ታዲያ ምንድን ነው የጠፋው። ቧንቧውን ልክ መርጫለሁ፣ ውፍረቱ ልክ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው የሚረዝምበትን አስልቻለሁ፣ በስፕሪንግ ነው የሚንጠለጠለው፣ የአየር ግፊቱ አለ፣ ማድረቂያው አለ፣ ከማሰራጫው ቤት እስከ ማማው ጫፍ ሃያ ጫማ በሃያ ጫማ እየተቀጠለ ሃያ አራት ቧንቧ፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ልክ እንደ እሳቸው ስዕል፣ ስዕሉ ደግሞ እንከን የለውም፣ ሃያ ሁለት ዓመት በዘጠኝ ቻናል ያለ አንድ… በዘጠኝ። በዘጠኝ ቻናል። ሉዋም ማንኪያዋን ትጥላለች። ዘጠኝ የለምኮ፣ ዘጠኝ ቀረ፣ ወደ ዲጂታል ሲገባ የተሰጠን ሃያ ስድስት ነው። ሶፍት ትስባለች፣ እስክሪብቶ ትፈልጋለች፣ አይናዲስ የሒሳብ መጻፊያዋን ሳትጠየቅ ታቀብላታለች፣ የብርሃንን ፍጥነት በሁለት እጥፍ ርዝመቱ ታካፍላለች፣ በሃያ አንድ ታባዛለች፣ ሶፍቱ ይቀደዳል፣ ሌላ ሶፍት፣ ቁጥሩ ይመጣል፣ አምስት መቶ አስራ አምስት ሜጋኸርዝ ገደማ፣ እንደገና ታሰላለች፣ አምስት መቶ አስራ አምስት፣ የሃያ ስድስት ቻናል ወገብ ላይ። ወይኔ ሉዋም። ወይኔ ጉዴ።

ይህን ለተማሪ ታስተምረዋለችኮ፣ ስድስት ኪሎ በየዓመቱ ሁለት ቀን እየተጋበዘች ሰሌዳ ላይ ትስለዋለች። ቧንቧና ቧንቧ በተጋጠመበት ቦታ ሁሉ ከሚወጣው ኃይል ቅንጣት ታህል ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ አንዷ ብቻዋን ምንም አይደለችም፣ ነገር ግን የቧንቧው ርዝመት ከሞገዱ ጋር ከገጠመ ሁሉም ተመላሾች እኩል ይደርሳሉ፣ አንድ ላይ ይገፋሉ። ታክሲ ዳገት ላይ ሲቆም አይታችኋል፣ ትላቸዋለች፣ ሃያ ሰው በየተራው ቢገፋው ንቅንቅ አይልም፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሆ ብለው ባንዴ ሲገፉት ነው የሚሄደው። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፣ ይጽፋሉ። እሷ ግን ሃያ አራቱን ቧንቧ በአንድ ላይ ሆ እንዲሉ አድርጋ አዘጋጅታ፣ አስፈርማ፣ አስጨብጭባለች። ማሰራጫው ይህን ግፊት አይችለውም፣ ወይ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ ወይ መገጣጠሚያው ግሎ ነሐሱ ይቀልጣል፣ ያኔ መቶ ሃያ ሜትር ቧንቧ ተሰቅሎ አልቋል።

አስራ ዘጠኝ ተኩል፣ ትላለች ድምጽ አውጥታ፣ አስራ ዘጠኝ ጫማ ተኩል መሆን ነበረበት። ጋሽ ተክላይ ከመስኮቱ ይመለሳሉ፣ ፊታቸው ላይ አየሽ ወይ የሚል የለም፣ ድሮም አይኖርም፣ ይኸው ነው፣ ይላሉ፣ ግማሽ ጫማ ናት፣ ስንዝር እንኳ አትሞላም። ከዚያ ሪፖርቱን በሁለት እጃቸው ያስተካክሉና ወደ እሷ ይገፉታል። ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ጋሼ። ማን ይመራዋል። አቶ ማቲዎስ። እህ፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ወረቀት ይፈራል፣ እና ስሚኝ፣ ስትገቢ ርዝመቱን የወሰድሁት ከተክላይ ስዕል ነው በያቸው፣ እውነትም ከኔ ስዕል ነው የወሰድሽው፣ ሽማግሌው ተሳስቶ ነበር፣ ዛሬ ስፈትሸው አገኘሁት በያቸው። ጋሼ እንዴት እንዲህ ይላሉ። ምን ያደርጉኛል ጓለይ፣ ጡረታዬን አይቀሙኝ፣ ቤቱም ፈርሷል፣ ስሙም ይፍረስ፣ አንቺ ግን ዛሬ ሹመትሽ ነው። ይስቃሉ፣ ሙድ የያዙ መስለው ነው፣ ዓይናቸው ግን አይስቅም። እኔ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው የምሄደው፣ አንቺ ሂጂ፣ አትዘግዪ፣ ይሏታል።

ሹመትሽ ነው። አዎ፣ ያም አለ፣ እሱም በዚያው ፋይል ውስጥ ነው፣ ሪፖርቱ ሲጸድቅ የማሰራጫ ክፍል ኃላፊ የሚያደርጋት ደብዳቤ ተተይቦ ፊርማ ይጠብቃል፣ የጋሽ ተክላይ የድሮ ወንበር፣ የጋራው ቁልፍ፣ ሁሉ ነገር። ሉዋም ምኒልክ አደባባይን ትሻገራለች፣ ባቡሩ ያጓራል፣ ጊዮርጊስ ደጅ አንዲት ሴትዮ ጧፍ ታቀርብላታለች፣ አያስፈልገኝም እናቴ፣ ወይስ ያስፈልገኛል፣ ትገዛለች፣ ምን እንደምታደርገው ሳታውቅ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። የመጀመሪያ ቀኗ ይመጣባታል፣ ጋራው ላይ፣ ዲፕሎማዋ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ልቧ ተነፍቶ፣ እና እሳቸው ምንም አትንኪ ያሏት፣ ወንበር አምጥተው ማማው እግር ያስቀመጧት፣ አንድ ሰዓት ተቀመጭ፣ ስሚ፣ ምኑን ጋሼ፣ መስመሩን። ተቀመጠች፣ ፋራ ያሏት መስሏት ተናደደች። ከዚያ ፀሐይ ከማዶው ጋራ ጀርባ ወጣች፣ ቧንቧውን ነካችው፣ እና ያ መቶ ሃያ ሜትር መዳብ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ኪ፣ ኪ፣ ኪርር፣ ስፕሪንጎቹ ላይ እየተንሸራተተ፣ እየረዘመ፣ እሷ ቁጭ ባለችበት። እጅሽን አምጪ፣ አሏት፣ መዳፏን ያዙና መገጣጠሚያው ላይ አደረጉት፣ ለብ ይላል፣ ቀጣዩ ላይ፣ ለብ ይላል፣ ቀጣዩ፣ ሁሉም እኩል ለብ ሊል ይገባዋል፣ አንዱ ከወንድሞቹ ከሞቀ ታሟል ማለት ነው፣ መሣሪያው ኋላ ነው የሚነግርሽ፣ እጅሽ ይቀድማል። ያን ቀን ነው ይህን ሥራ የወደደችው፣ ሌላ ቀን አይደለም።

እና ቧንቧዎቹን ከውስጥ ከሚያገናኘው ማያያዣ የሚረግፈውን ዱቄት፣ እሱንስ። ሥራ ላይ ሳሉ በየዓመቱ የመስመሩን የታችኛውን መታጠፊያ ፈትተው በነጭ ወረቀት ላይ ያራግፉት ነበር፣ ከውስጥ የሚወርደውን የነሐስ ብናኝ በመድኃኒት ጠርሙስ ይሰበስባሉ፣ ዓመቱን ይጽፉበታል፣ መደርደሪያቸው ላይ አስራ ስምንት ጠርሙስ፣ ዱቄቱ ሲበዛ ማያያዣው እየተበላ ነው፣ ሲያንስ ተመስገን። ይህን ያስተማራቸው ሰው የለም፣ መጽሐፍም ላይ የለም፣ ራሳቸው ናቸው ያገኙት። ይህን ሰው ነው ተሳስቶ ነበር በይ የተባለችው።

ግን ቢባልስ፣ ትላለች ሌላኛዋ ሉዋም፣ ሹመቷን የምትፈልገው፣ መሸነፍ ያልለመደችው። ራሳቸው ናቸውኮ ያሉት። ስዕሉ የሳቸው ነው፣ ቁጥሩም የሳቸው ነው፣ ውሸት የሆነው ምኑ ላይ ነው፣ ሃያ ጫማ ብለው የጻፉት እሳቸው፣ እኔ ሽማግሌ አምኜ ገለበጥሁ፣ ሽማግሌ ማመን ወንጀል ነው እንዴ። ወይ ደግሞ ዝም ብሎ ገጽ አርባ ሁለትን ቀይሮ መክተት፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ ቁጥር፣ ግን አራት ሰው እያንዳንዱን ገጽ ፈርሞበታል፣ ማኅተም አለበት፣ አይሆንም። እና የቀረው መንገድ አንድ ነው፣ ተክላይ ነው ማለት። ማንም አይጎዳም። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አይጎዳም፣ እያለች ቢሮዋ ትደርሳለች፣ ቢሮዋ ግን አትገባም፣ እግሯ ደረጃውን ወደ ታች ይወስዳታል፣ መዝገብ ቤት፣ ዋናውን ስዕል ልይ እንጂ ቢያንስ፣ ሰው ከመክሰሴ በፊት።

ምድር ቤቱ የአሮጌ ወረቀት ሽታ አለው። ሦስተኛው መሳቢያ፣ በክር የታሰረ ጥቅል፣ አቧራውን ትነፋለች፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋዋለች፣ ኧረ ምን ያምራል፣ ምን ያምራል ይህ ስዕል፣ ማማው በቀይ ቀለም፣ መስመሩ በሰማያዊ፣ እያንዳንዷ መገጣጠሚያ በቁጥር፣ እጅ ጽሑፋቸው የተለቀመ ነው፣ ኮምፒዩተር ሳይኖር፣ በማስመሪያና በላጲስ። የሷ ቅጂ ከዚህ ያንሳል። ለምን ያንሳል። ሉዋም ቅጂዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ጎኑ ታደርገዋለች፣ እና ያኔ ነው የምታየው፣ ዋናው ሰፊ ነው፣ ስድስት ኪሎ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ማሽኗ ትልቅ ወረቀት አይወስድም ነበር፣ ልጅቷ ጠርዙ ትንሽ ይቆረጥብሻል ብላታለች፣ ምንም አይደል ዳሩ ባዶ ነው ብላ መልሳለች፣ ቸኩላ፣ በታክሲ ተራ ሰዓቷ ሄዶ፣ ዋናውን ሳትገልጥ። ዳሩ ባዶ አይደለም። በቀኝ ጠርዝ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ስር ተሰምሮበት ተጽፏል።

ማሳሰቢያ፤ ይህ ርዝመት ለዘጠኝ ቻናል ብቻ ነው። ቻናል ሲለወጥ ቧንቧው እንደገና ይሰላ። ተክላይ።

ትቀመጣለች። ወንበር የለም፣ ካርቶን ላይ ነው የምትቀመጠው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ዲጂታል የሚባል ነገር በአገሩ ሳይወራ፣ እሷ ገና ደብተር በምትሸከምበት ዘመን፣ ይህ ሰው አንድ ቀን ቻናል ይለወጥ ይሆናል፣ አንድ ቀን የኔን ስዕል የሚገለብጥ ሰው ይመጣ ይሆናል፣ እንዳይሳሳት፣ ብሎ አስቧል፣ በቀይ ጽፏል፣ አስምሯል፣ ፈርሟል። እሷን ነበር ያሰቡት፣ ስሟን ሳያውቁት። እና ዛሬ ጠዋት ተሳስቶ ነበር በይ አሏት። ረስተውት ነው። ይረሱታል እንዴ፣ ጋሽ ተክላይ፣ የየዓመቱን ዱቄት በጠርሙስ ያስቀመጡት፣ የእያንዳንዱን ብሎን ቁጥር በቃላቸው የሚያወጡት፣ ይህን ይረሳሉ። አይረሱም። ያውቃሉ። ንጹሕ መሆናቸውን እያወቁ ነው ስማቸውን እንደ መሃረብ አውጥተው የሰጧት፣ እንቺ ጥረጊበት ብለው። ሉዋም ታለቅሳለች፣ በደንብ ታለቅሳለች፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ብቻዋን፣ ከኀፍረት ይሁን ከፍቅር ለራሷም አልለየላትም፣ ብቻ እንዲህ ዓይነት ሰው አጠገቧ አስራ አንድ ዓመት እንደኖረ ዛሬ ገና ያወቀች ይመስላታል።

ዘጠኝ ሰዓት። ስድስት ሰው፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ፕላስቲኮች፣ አቶ ማቲዎስ ፋይሉን ከፍተው ፈገግ ብለዋል፣ ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ እንኳን ደስ አለሽ ሊሉ ተዘጋጅተዋል። ከመፈረማችን በፊት አንድ ነገር አለኝ፣ ትላለች፣ ድምጿ ቀጥኖ ይወጣል፣ ገጽ አርባ ሁለት፣ የቧንቧው ርዝመት ሃያ ጫማ ተብሏል፣ ለሃያ ስድስት ቻናል አይሆንም፣ አስራ ዘጠኝ ተኩል መሆን አለበት፣ በዚህ ብናዝዘው ማሰራጫው አይሠራም። አንዱ ካልኩሌተር ያወጣል። አንዱ እኔ ፈርሜበታለሁኮ ይላል ፊቱ ተለዋውጦ። አቶ ማቲዎስ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ከየት ነው የመጣው ቁጥሩ። ከድሮው ስዕል ነው። የማን ስዕል። የአቶ ተክላይ። የሁሉም ትከሻ ወረድ ይላል፣ ታየዋለች፣ እንዴት ቶሎ እንደሚወርድ፣ አቶ ማቲዎስ እንኳ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ሊያድኗት ነው የሚፈልጉት፣ በቃ እንግዲህ ይላሉ፣ የድሮው ስዕል አሳስቶን ነበር፣ ባለሙያዋ ደርሳ አረመችው ብለን በቃለ ጉባኤ እናስፍር፣ አቶ ተክላይ እንደሆኑ ጡረታ ወጥተዋል፣ ማን ይጎዳል። የሷው ቃል ነው፣ ጠዋት አደባባዩ ላይ ስትደጋግመው የነበረው፣ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ እንዴት ያስቀይማል። አስካለ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ፣ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች። እንዲህ ብዬ ልጻፈው።

አትጻፊው፣ ትላለች ሉዋም። ትነሳለች፣ ጥቅሉን ከወንበሯ ጀርባ ታነሳለች፣ ክሩን ትፈታለች፣ ጠረጴዛው ሙሉ ትዘረጋዋለች፣ የውሃ ፕላስቲኮቹን በአራቱ ማዕዘን ታቆማቸዋለች እንዳይጠቀለል። ስዕሉ ትክክል ነው። እዚህ ያንብቡት አቶ ማቲዎስ፣ በቀዩ የተጻፈውን፣ ጮክ ብለው ያንብቡት። ያነባሉ፣ መጨረሻው ላይ ድምጻቸው ይወርዳል፣ ተክላይ የምትለው ስም ላይ። እኔ ኮፒ ሳስደርግ ጠርዙን አስቆረጥሁት፣ ዋናውን አላየሁም፣ ስሌቱንም አልሠራሁም፣ የምችለውን፣ የማስተምረውን። አስካለ፣ የርዝመቱ ስህተት የሉዋም ነው ብለሽ ጻፊ፣ እሱን ነው የምፈርመው። አስካለ ወደ አቶ ማቲዎስ ታያለች፣ እሳቸው ስዕሉን ያያሉ፣ ረጅም ጊዜ ያያሉ፣ ከዚያ ጻፊው ይላሉ። ሪፖርቱ ለእርማት ይመለስ። ከፋይሉ ሥር ያችን የተተየበች ደብዳቤ ያወጣሉ፣ ያዩዋታል፣ መልሰው ይከቷታል፣ ይህ ለጊዜው ይቆይ። ይቆይ፣ ትላለች እሷም። ይገርማታል፣ የሚወድቅ ነገር ጠብቃ ነበር፣ ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደሚሰበር፣ ምንም አልተሰበረም፣ መገጣጠሚያው ሁሉ እኩል ለብ ያለ ነው።

ከአስር ሰዓት በኋላ ፒያሳ ሰው ይበዛባታል፣ ሉዋም እግሯ ወደወሰዳት ትሄዳለች፣ ጊዮርጊስ ደጅ ስትደርስ ጧፏን ከቦርሳዋ ታወጣለች፣ ጎብጣለች፣ ቢሆንም ትለኩሳታለች። ምን እነግራቸዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ነው የማገኛቸው፣ ተቆጥተው ይሆን፣ የሰጡኝን አልተቀበልሁምና፣ ሹመቱን ገደልሽው ይሉኝ ይሆን፣ እህ ይሉኝ ይሆን። በኬክ ቤቷ መስኮት ስታልፍ እንዲያው ልምድ ሆኖባት ዞር ትላለች። እዚያው ናቸው። ወደ ስድስት ሰዓት እሄዳለሁ ያሉት ሰውዬ፣ ያው ጥግ፣ ያው ወንበር፣ የጠዋቱ ብርጭቆ ከፊታቸው፣ አረፋው ደርቆ ዳሩ ላይ ተጣብቋል። አይናዲስ ከባንኮኒው ጀርባ በዓይኗ ትጠቅሳታለች፣ ምሳም አልበሉም፣ ትላታለች በከንፈሯ።

ትቀመጣለች። አስራ ዘጠኝ ተኩል፣ ይሏታል። አስራ ዘጠኝ ተኩል ጋሼ። ማን አልሽ። እኔ ነኝ አልሁ። ዋናውን አየሁት ጋሼ፣ ዳሩ ላይ ጽፈውታል፣ በቀይ፣ ለዘጠኝ ብቻ ብለው። ጽፌ ነበር እንዴ፣ ይላሉ ወደ መንገዱ እያዩ፣ ሽማግሌ ሰው ይረሳል ጓለይ። አልረሱም። እህ፣ ይላሉ፣ ይህቺ እህ ግን ሌላ ናት፣ ሉዋም ሰምታት አታውቅም፣ መሃሏ ላይ ተሰብራለች። ከዚያ እጃቸው ወደ ላይ ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ፣ ማማው እግር ሥር እንደሚሄደው፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል፣ ሽበታቸው ተጋልጦ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው እሷን ያያሉ። አይናዲስ ትሪዋን እንደያዘች ቆማ ቀርታለች።